ደሴ የላላ፣ ኮምቦልቻ የከረረ

ሴትዮዋ ሱቄ የገባችው በአንሶላ የተጠቀለለ ነገር አዝላ ነው። ሐምሌ ነበር። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ ጉሙ ደጄ ድረስ መጥቶ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ አይታይም። ያዘለችው የታመመ ልጅ መስሎኝ "ሐኪም ቤቱ ቦሩ ሜዳ ነው" ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። እኔ ዘንድ ከተበላሸ ራዲዮና ቴፕ በቀር የሚመጣ የለም።

ጠረጴዛዬ ላይ አውርዳ ፈታችው። የፕላስቲክ መቆሚያ ነው፤ ላዩ ላይ ጎማ የለበሱ፣ ሳህን የሚያካክሉ አራት ክቦች፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። ከሥር በእግር የሚረገጥ ፔዳል አለው።

"ምንድን ነው?" አልኳት።

"ከበሮ ነው አባባ። የጌም ከበሮ።"

"ከበሮ አውቃለሁ። አባቴ ከበሮ ሠሪ ነበር። ይሄ ከበሮ አይደለም።"

"እንግዲህ ስሙን እኔ አላወጣሁለት።"

ወደድኳት። ነገሩን ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ዘፈን ሲጀምር ቴሌቪዥኑ ላይ ቀለም ይወርዳል። ቀይ ሲወርድ ቀዩን፣ ቢጫ ሲወርድ ቢጫውን በዱላ ትመታለህ። በጊዜው ከመታህ ነጥብ ይቆጥርልሃል፤ ከዘገየህ ዘፈኑን ያቋርጥና ያሳፍርሃል። ዐረብ አገር አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ ይዛው መጥታ ኮምቦልቻ ላይ ጌም ቤት ከፍታለች። "የኳሱ ጨዋታ ሁሉም ጋ አለ" አለችኝ። "ከበሮ ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ነው። ሰው የሚመጣው ለሱ ብሎ ነው።" አሁን ቀዩ ሞቷል፤ ቢመቱት አይቆጥርም። ሰማያዊው አንድ ሲመቱት ሁለት ይላል። ፔዳሉም ተሰንጥቋል።

"ይሄማ ቀላል ነው" አልኳት፤ ውስጡን እንኳ ሳላይ።

"ገና ቀላሉን ነው የነገርኩዎ።"

ከባዱ ይሄ ነው። የቤቱ ባለቤት አንድ ሐጂ ናቸው፤ ከጀርባ ይኖራሉ፤ በመካከል ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ሚስታቸው ታመው አልጋ ላይ ከዋሉ ሰንብተዋል። ዱላው ጎማውን በነካ ቁጥር ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ የበሽተኛዋን ጭንቅላት ይወጋቸዋል። ሐጂ አልተቆጡም። በሩ ላይ ቆመው፣ "ልጄ፣ ረመዳን ሳይገባ ወይ እሱን ዝም አሰኚው ወይ ሌላ ቤት ፈልጊ" ብለዋታል። ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት አልቀረውም። ለጌም ቤት የሚያከራይ ደግሞ በዚያ ሰፈር ሌላ ሰው የለም፤ ዞራ ጠይቃለች።

"ዝም ካለ ምኑን ከበሮ ሆነ?" አልኩ።

"የጌም ማሽኑ ይስማው እንጂ እሳቸው አይስሙት። ወላሂ ሌላ የምፈልገው የለም።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ማሽኑ እዚያ ስላለ፣ ወርደው እኔ ቤት እየሞከሩ ቢሠሩልኝ?" አለች።

"እኔ በሰው ጠረጴዛ ላይ አልሠራም።"

"ታዲያ ያለ ማሽን በምን ይሞክሩታል?"

"እሱን ለኔ ተይው።"

እንዲህ ነኝ። ባለቤቴ ይሄን ጠባዬን የበሬ ግንባር ትለዋለች።

ከዕቃው ጋር የመጣ መመሪያ ነበረው፤ በእንግሊዝኛ ነው። እኔ አማርኛውንም እያንጠለጠልኩ ነው የማነበው። ስለዚህ ወረቀቱን ከሥር አነጠፍኩና ብሎኑን ፈታሁ። በየክቡ ሆድ አንዲት የነሐስ ቅጠል ተለጥፋለች፤ ከሳንቲም የሰፋች፣ ከቆርኪ የሳሳች፣ መሐሏ ነጭ፣ ፀጉር የሚያህሉ ሁለት ሽቦዎች ያሏት። ሳቄ መጣ። የማውቃት ናት። የማንቂያ ሰዓት ውስጥ ሆና ጢጥ ጢጥ የምትለዋ ናት። ኤሌክትሪክ ስትሰጣት ትጮሃለች፤ ስትመታት ደግሞ እሷ በተራዋ ኤሌክትሪክ ትሰጥሃለች።

የቀዩ ቅጠል ተሰንጥቃ ኖሯል። ከአንድ የሞተ ሰዓት ሌላ አውጥቼ በየድኩለት። ማሽኑ ስለሌለኝ ሽቦውን ከአሮጌ ቴፕ ማጉያ ጋር አገናኘሁና አዳመጥኩ። ቀዩ ሲነካ ድም አለ። ሰማያዊው ድም-ድም አለ። ሙጫው ለቆ፣ ከተመታ በኋላ ቅጠሏ ትንቀጠቀጣለች፤ ማሽኑ ያንን እንደ ሌላ ምት ይቆጥረዋል። ከሥሯ ስፖንጅ ደገፍኩላትና አረፈች። ፔዳሉን በዘይት ቆርቆሮ ጠገንኩት። ይሄ ሁሉ ሁለት ቀን አልፈጀም። ልቤ አበጠ።

የቀረው ቀጭ ቀጩ ነው። የሚጮኸው ጎማው ነው፤ ደርቆ እንጨት ሆኗል። እዚህ ላይ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ለቤተ ክርስቲያን ከበሮ፣ ለሙስሊሙ መንዙማ ድቤ ይሠራ ነበር፤ ለሁለቱም ያው አንድ እጅ። ለስላሳ ምት ከተፈለገ ከቆዳ ወዲያ ምን አለ? ከኩታበር የመጣ የፍየል ግልገል ቆዳ ገዛሁ፤ ነከርኩ፣ ፋቅሁ፣ በፌሮ ቀለበት ላይ ወጠርኩ። ጎማውን ገፍፌ ጥዬ ቆዳውን አለበስኩት። በዚያ ጉም ቆዳው ቶሎ ስለማይደርቅ ከምድጃው አጠገብ አራት ቀን ቆየ፤ ሲላላ እንደገና ሳብኩት፣ ሲላላ እንደገና። በመጨረሻ ስመታው ቡፍ አለ፤ ትራስ እንደመምታት።

ባለቤቴ ብቅ አለችና አሸተተች። "ጌም ያልከው ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው።"

"ፍየል ፍየል ይላል።"

"የሚበላ አይደለም። ምን አገባሽ?"

አባቴ ከበሮ ሲያስረክብ ሁልጊዜ የሚላት አንዲት ነገር ነበረች፤ "ከመምታታችሁ በፊት ፀሐይ አሳዩት።" የቆዳ አወጣጠሩን አስታወስኩ፤ ይቺን ቃል ግን ረሳኋት።

በሳምንቱ ከበሮውን ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጉሙ ከላይ ቀረ፤ ጃኬቴን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ሹራቤን። እኔ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም፤ ጣቶቼ ቆዳው ላይ ይሄዳሉ። ረዳቱ፣ "አባባ፣ ሰርግ ነው?" አለኝ። "ኮምቦልቻ ስትደርስ ትሰማለህ" አልኩት። የተናገርኩት ደረሰ፤ በኔ ላይ።

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ገጠምነው። አንድ ጎረምሳ ተቀምጦ መታ፤ ማሽኑ ቆጠረ፤ ድምፁ ቡፍ ቡፍ ብቻ ነው። ሐጂ መጥተው ደፍ ላይ ተቀመጡና አዳመጡ። "ሸጋ ነው። አላህ ይስጥዎ" አሉኝ። ሴትዮዋ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። እኔ ምሳ ልበላ ወጣሁ።

ስድስት ሰዓት ላይ ስመለስ ድምፁን የሰማሁት ከመንገድ ነው። ፀሐዩ ወጥቶ የጣሪያው ቆርቆሮ ሲግል ቆዳው ከሯል። ድው፣ ድው፣ ድው ይላል፤ ቤቱ ሁሉ ሆዱ ባዶ የሆነ ነገር ሆኖ ያስተጋባል። ቀዩን ሲመቱ ሰማያዊው አብሮ ይቆጥራል፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ማንም ሳይነካው ይቆጥራል። "ጂን ገብቶበታል" እያሉ ጎረምሶቹ ይስቃሉ። ሐጂ ከጓሮ ዞረው መጡ።

"አንቱ" አሉኝ፣ "ዱሮ ቀጭ ቀጭ ነበር። አሁን እኮ ድቤ አመጡብን። ባለቤቴ 'መንዙማው የት ነው' አለችኝ።"

"ይላላል ሐጂ። አዲስ ስለሆነ ነው።"

"ኢንሻአላህ" አሉ፤ ከአነጋገራቸው ግን አላመኑኝም።

ሴትዮዋ የጎረምሶቹን ገንዘብ መመለስ ጀመረች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ያን ቀን ይዤው ወጣሁ። ደሴ ስደርስ ቆዳው እንደ አሮጌ ከረጢት ተልፈስፍሷል። አላልቼ ወጠርኩት፤ በሁለት ቀኑ ወረድኩ። ጠዋት ሲመቱት ምንም አይቆጥርም፤ ቀትር ላይ ድው። ተመልሼ ወጣሁ፤ መካከሉን ልፈልግ። ሦስተኛ ጊዜ ወረድኩ፤ ዝናብ ሲመጣ ልክ ነው፣ ፀሐይ ሲመጣ ድቤ ነው። ረዳቱ ለምዶኝ "ባለ ከበሮ" እያለ ቦታ ይይዝልኛል። ሱቄ ተዘግቶ ይውላል፤ ቁርሴን ቆሜ ነው የምበላው። ረመዳን ሊገባ ስድስት ቀን ቀረው፣ ከዚያ አምስት። ሴትዮዋ የኳሱን ጨዋታ ብቻ ታጫውታለች፤ ለከበሮው የመጡት ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ቴሌቪዥኖቿን የምታስቀምጥበት ዘመድ ቤት መጠየቅ ጀምራለች።

አራተኛ ጊዜ ልወርድ ቆዳ ስወጥር ባለቤቴ በር ላይ ቆመች።

"ቆላ ለሚኖር ሰው ካፖርት እየሰፋህ ነው" አለችኝ።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ለኮምቦልቻ ከሆነ ኮምቦልቻ ሂድና ሥራው። ወይስ ጠረጴዛህ ይናፍቅሃል?"

መበየጃዬን፣ ቴስተሬን፣ ጉጠቴን በጆንያ ከትቼ ወረድኩና የሴትዮዋ ጌም ቤት ገባሁ። "ጠረጴዛ አለሽ?" አልኳት። የሰው ጠረጴዛ ስጠይቅ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ቲኬት የምትቆርጥበትን አጸዳችልኝ፤ ያኔ ያልኳትን አላስታወሰችኝም።

ተቀመጥኩ እንጂ የምሠራውን አላውቅም ነበር። ላስቲክ ሞከርኩ፣ ጨርቅ ሞከርኩ። ጨርቁ ምቱን ይውጣል፣ ላስቲኩ ይጮሃል። በማግስቱ መቀመጥ ሲያቅተኝ ወደ ገበያ ወጣሁ። ስዞር ዝናብ ድንገት ጣለ፤ ነጋዴዎቹ ፕላስቲክ ወርውረው ዕቃቸውን ሸፈኑ። ፕላስቲኩ ላይ ያፏጫል፣ ቆርቆሮው ላይ ያንኳኳል፣ የተደፋው ባልዲ ላይ ይደበድባል። አንዲት ሴት ብቻ ወንፊት ደርድራ ሳትሸፍን ተቀምጣለች። ናይሎን ወንፊት ነው፣ የዱቄት። እላዩ ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፅ የለውም፤ ያልፋል።

ሄጄ በጣቴ መታሁት። ነጠረ፤ አልጮኸም።

"ይገዛሉ ወይስ ይመታሉ?" አለችኝ ባለወንፊቷ።

"ሁለቱንም" አልኩና ስምንት አነሣሁ።

"ለስንት ቤተሰብ ነው የሚጋግሩት?"

ቆዳውን ቀድጄ ጣልኩት። በየቀለበቱ ላይ ናይሎኑን ድርብ አድርጌ ወጠርኩ፤ ቅጠሏን ከሥር በስፖንጅ ደግፌ ናይሎኑን እንድትነካ ብቻ አድርጌ አስቀመጥኳት። ጠዋት ቆጠረ። ስድስት ሰዓት፣ ቆርቆሮው ግሎ ሲንጣጣ፣ ቆጠረ። ናይሎን ደሴን ከኮምቦልቻ አይለይም። ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች፤ እኔ ግን ከቆዳው ወዲህ ማመን ፈርቻለሁ። "ከወዲያኛው ወገን ካልሰማሁት አይሆንም" አልኩ።

ረመዳን ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ሐጂ ወደ ባለቤታቸው ክፍል አስገቡኝ። ሴትየዋ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ከሲታ ናቸው፣ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። ራስጌያቸው ያ የጭቃ ግድግዳ ነው። በርጩማ ተሰጠኝ። "ምቺ" ብዬ ጮህኩ። ከማዶ ባለ ጌም ቤቷ መምታት ጀመረች።

አዳመጥኩ። አልሰማሁም። ቀና ብዬ ሴትየዋን አየሁ።

"አሁንም አለ" አሉኝ። "ከራስጌዬ ጠፍቷል። አሁን ከእግሬ ሥር ነው የሚመጣው።"

"እኔ አልሰማሁም እኮ።"

"አንቱ አልተኙበትም።"

ወለሉ ላይ በጉልበቴ ተንበርክኬ ጆሮዬን ምድር ላይ ጣልኩ። እውነታቸውን ነው። ፔዳሉ ነው፤ በተረገጠ ቁጥር ምድሩን እየነካ በግድግዳው ሥር ያልፋል። ስለ ዱላው ሳስብ ስለ እግሩ አላሰብኩም። ሮጬ ወጣሁ፤ የአሮጌ የመኪና ጎማ ቁራጭ ከሥር፣ ስፖንጅ መካከል፣ ጣውላ ከላይ አድርጌ ፔዳሉን አስቀመጥኩት። ተመልሼ ገባሁ። "አለ" አሉ፣ "ቀንሷል ግን።" ወጣሁ፤ ስፖንጁን ደረብኩ። ገባሁ። "ትንሽ።" ወጣሁ። ሐጂ በሩን መዝጋት ትተው ከፍተው ያዙልኝ።

አምስተኛ ይሁን ስድስተኛ ስገባ ሴትየዋ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የተኙ መስሎኝ በጣቴ ሄድኩ።

"መቼ ነው የምትጀምረው?" አሉ።

"እየመታች ነው።"

ዓይናቸውን ገለጡ። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ቆዩ። ከማዶ የጎረምሶቹ ሳቅ ይሰማል፤ ምቱ አይሰማም።

"እዚህ መዳፌ ላይ አለች" አሉ መዳፋቸውን ሳያነሡ። ወደ ሐጂ ዞሩ። "ልጅቷን ተዋት። ትቀመጥ።"

ሐጂ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ለልጅቷ ሊነግሯት ወጡ። ከማዶ የጎረምሶቹ ሳቅ ቆመ፤ ቀጥሎ ባለ ጌም ቤቷ ስታለቅስ ሰማሁ። ያ በግድግዳው አለፈ።

እኔ ተነሣሁ። ሰማያዊው ላይ ትንሽ የሆነ ነገር የሰማሁ መስሎኝ ነበር። ጉጠቴን ይዤ ወደ በሩ ስሄድ ከተመለሱት ሐጂ ጋር ተገናኘን።

"ወዴት?"

"ሰማያዊው ትንሽ ይቀረዋል።"

"አንቱ ሰው፣ በሽተኛዋ እፎይ ብላ እርስዎን ምን ያቁነጠንጥዎታል? ይቀመጡ እንጂ።"

ተቀመጥኩ። ውሃ አመጡልኝ፤ ጠጣሁ። ጣቶቼ ግን ጉልበቴ ላይ መሄዳቸውን አላቆሙም፤ ሴትየዋ አይተው፣ "እሱም ድምፅ የለውም" አሉኝ።