ዞር በል፣ ጋረድኸኝ

ላገባት ያሰብኋትን ልጅ ጓደኛዬ በገዛ አፌ አስፈቅዶ ወሰደብኝ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ላለሳልሰው አልፈልግም።

ሰሞኑን መብራት በጠፋ ቁጥር ጎረቤቴ ጄኔሬተር ያስነሳል። ያ የነዳጅ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ ደብረ ኤልያስ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ከነበረው ቪዲዮ ቤት እገባለሁ። የረጠበ ጋቢና የባቄላ ቆሎ ይሸታል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከጎን የወፍጮው ድምፅ አግዳሚውን ያንቀጠቅጠዋል።

እኔና ጓደኛዬ ዓይናችንን የጣልነው የወፍጮው ባለቤት ልጅ ላይ ነበር። እንዳንጣላ ተማማልን፤ አንዱ ሌላውን ሳይጠይቅ ሽማግሌ አይልክም፣ በጊዮርጊስ። እኔ ግን አንድ ነገር አውቅ ነበር። እህል ይዤ ስመጣ ወረፋ ታስቀድመኛለች። ተራ ነገር እንዳይመስልህ፤ በገበያ ቀን ወረፋ ማስቀደም ከፍቅር ደብዳቤ ይበልጣል። ደብዳቤ ብትጽፍልኝማ ማን ያነብልኛል?

ያኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ፊልሙ በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ከሥሩ ጽሑፍ ይሮጣል። የተማሩት እያነበቡ ያዛጋሉ። እኔ ግን ማን ማንን እንደከዳ ከዓይኑ፣ ከአረማመዱ፣ በር ከሚዘጋበት አኳኋን መፍታት ነበረብኝ። አንዳንዱን እደርስበታለሁ፣ አንዳንዱ ለጥቂት ያመልጠኛል። እዚያ ውስጥ ስገባ ረሃብ የለ፣ ቁንጫ የለ፣ እኔም የለሁ። ስወጣ መሽቶ አገኘዋለሁ።

አንድ ቀን ጀግናው ገደል አፋፍ ላይ በገመድ ተንጠልጥሏል፤ ገመዱ ክር በክር ይበጠሳል። ጓደኛዬ ጆሮዬ ሥር የመጣው በዚያች ሰዓት ነው። የተባባልነውን የሰማሁት በኋላ፣ ለአገሩ ሁሉ ካወራው ከባለ ቪዲዮ ቤቱ ነው።

«ለወፍጮ ቤቷ ልጅ ሽማግሌ ልልክ ነው። ቅር ይልሃል?»

«አይለኝም።»

«በጊዮርጊስ?»

«በጊዮርጊስ! ዞር በል፣ ጋረድኸኝ!»

በሳምንቱ እህል ይዤ ሄድሁ። ልጅቱ ቀና ብላ አላየችኝም። «ወረፋህን ጠብቅ» አለችኝ። ጠበቅሁ። ዱቄት እስከ ቅንድቤ ድረስ ነጭ አድርጎኝ ወጣሁ።

ሌላ አገባሁ፤ ደግ ሴት ነበረች፣ ነፍሷን ይማር። ፊደልም ጢሜ ሸብቶ ቆጠርሁ። አሁን ፊልም ሳይ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አነብና አዛጋለሁ። ያ ገብቼ የምጠፋበት በር ተዘግቷል። ይህንንም በዚያ ጓደኛዬ ላይ አሳብቤዋለሁ፤ ሰላምታም አቋርጠናል።

ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጄ ለነገሩ ማብራሪያ አለው።

«አባባ፣ የምታየው ነገር ካቅምህ ጋር ልክ ሲገጥም ትኩረትህ ሁሉ እዚያ ይሄዳል። ራስህን የሚጠብቀው የአንጎልህ ክፍል ጋብ ይላል ይባላል። ሰዓቱም ይጠፋሃል።»

«ዘበኛው ተኝቶ ተዘረፍህ በለኛ።»

«ገና እየተጠና ነው።»

«አጥንተው እስኪጨርሱ ሰውዬው ወልዶ ከብዷል።»

ይኸው ልጅ ታዲያ፣ የአገር ሴት ያለቀ ይመስል፣ የዚያኑ የድሮ ጓደኛዬን ሴት ልጅ ወደደ። እሷም ወዳዋለች። ሽማግሌ ላክሁ። «ለቂመኛ ቤት ልጅ አልድርም» ብሎ መለሳቸው። ልጄን እህል አስጠላው፤ ከሳ። የእኔ ጣጣ በእሱ ሲደገም ማየት አቃተኝ።

ሰውዬው ኳስ ይወዳል። ሽማግሌዎቹን አስከትዬ ደብረ ማርቆስ ከተማ፣ ኳስ ከሚያይበት ቤት ገባሁ። ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ነው፤ አፉ ተከፍቷል፣ ሻዩ እጁ ላይ ቀዝቅዟል። ፊቱ ቆምሁ።

«ልጅህን ለልጄ ፈቀድህ?»

«ፈቀድሁ።»

«በጊዮርጊስ?»

«በጊዮርጊስ! ዞር በል፣ ጋረድኸኝ!»

ሽማግሌዎቹ አፋቸውን በጋቢ ሸፈኑ።

በማግስቱ ቤቱ ስንሄድ እንደ በሬ አገሳ። «ኳስ እያየሁ ያልሁት አይጸናም!»

ሚስቱ፣ የጥንቷ የወፍጮ ቤት ልጅ፣ ከጓዳ ብቅ አለች።

«የሱ ጸንቶ አይደል እኔ እዚህ ቤት ያለሁት?» አለችው።

ተቀመጠ።

በሰርጉ ቀን ሰው ምግብ ለማንሳት ተሰልፏል። እኔ ኋላ ነበርሁ። እሷ ሳህን ይዛ መጣች፣ ክንዴን ይዛ ከሁሉ ፊት አቆመችኝ።

«ለመሆኑ ያ ሰውዬ ከገደሉ ወደቀ?» አለችኝ፣ ወጡን እየጨለፈች።

«ገመዱ ተበጠሰ» አልኋት። «እሱ ግን ተረፈ።»

ጥር ሃያ ሁለት ነበር፤ የአስተርዮ ማርያም ማግስት።