በስልክ የተማለ መሐላ

ደብረ ታቦር ጠርተው ሁለት ቀን አሠለጠኑን። ርእሱ «ተማሪዎችን ከአክራሪነት መጠበቅ» ነበር። አሠልጣኙ የአደገኛ ተማሪ ምልክቶችን ደረደረልን፤ ከትምህርት ይቀራል፣ ይቆጣል፣ ብቻውን ይሆናል። እኔም ደብተሬ ላይ ገልብጬ ወደማስተምርበት አርብ ገበያ ተመለስሁ። የዜግነት ትምህርት አስተማሪ ነኝና ምልክት መፈለግ የእኔ ሥራ መሰለኝ። የክፍሌ ጎበዝ ልጅ ግን አንድም ቀን አልቀረችም፣ አንድም ሰው አልተቆጣችም። ያደረገችው ነገር መቀመጫ መቀየር ብቻ ነው።

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አብራት ከምትቀመጥ ጓደኛዋ አጠገብ ተነሥታ የኋላ ረድፍ ገባች። ጓደኛዋ የእንስሳት ሐኪሙ ልጅ ናት። አባቷ የክትባት ሣጥኑን ተሸክሞ በየቀበሌው እየወረደ ከብት የሚከትብ፣ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው። በዚህችው ደመወዝ የተነሣ፣ መንግሥትን ተቃውሞ በየልጆቹ ስልክ የሚሰብክ አንድ ድምፅ «ከሃዲ» የሚል ስም አውጥቶለታል። የዚያች የጎበዟ ልጅ ቤት በሬዎች በሕይወት ቆመው የሚያርሱት እሱ ስለ ከተባቸው ነው። ይህን ስልኩ አይናገርም።

ሰኞ ዕለት ከትምህርት በኋላ ለብቻዋ አስቀምጬ ለምን እንደ ተነሣች ጠየቅኋት።

«ምያለሁ፣ ቲቸር» አለችኝ።

ሰባት ተማሪዎች ሆነው ነው የማሉት። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ቆመው፣ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው ድንጋይ ላይ አስቀምጠው፣ አይተውት የማያውቁት ሰው የሚለውን እየተከተሉ። «ከከሃዲ ልጅ ጋር ብቀመጥ፣ ከቤቱ እህል ብቀምስ፣ የተጠየቅሁትን ብደብቅ፣ እናቴን ይንሣኝ» ብለው። የእሷ እናት ደግሞ የመውለጃዋ ወር ገብቶ ነበር። አሁን ያ ድምፅ ሐኪሙ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው መንገድ እንደሚወርድ ንገሪኝ ብሏታል። መንገር አልፈለገችም፤ እንዳትደብቅ ለእናቷ ፈራች። ይህን ሁሉ በራሷ አፍ ነገረችኝ። አውጪኝ ማለቷ ነበር።

እኔ ሳቅሁ።

ዛሬም ሳስበው ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል። «በስልክ የሚማል መሐላ የለም። እናትሽ ጤና ጣቢያ ሄዳ በሰላም ትወልዳለች። አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሰሽ እንዲህ ያለ ነገር ታምኛለሽ?» አልኋት። ስለ ሕግ የበላይነትም ትንሽ ጨመርሁላት። ልጅቱ ደብተሯን ሰበሰበች።

«የሚሞቱት የእርስዎ እናት አይደሉም» ብላኝ ወጣች።

እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። መሐላ በዚህ አገር ምን እንደ ሆነ የሚነግረኝ ሰው አያሻኝም። ዳኛ ፊት ሽምጥጥ አድርጎ የካደ ሰው ማል ሲባል እውነቱን ሲያወጣ እያየሁ ነው ያደግሁት። ልጅ ሳለሁ በውሸት ምዬ፣ እናቴ እጄን ይዛ ወደ ንስሐ አባታችን ወስዳኛለች፤ ሲፈቱኝ የተሰማኝን ቅለት አልረሳሁትም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከወጣሁ በኋላ ግን ይህን የማውቅ መምሰል አሳፈረኝ። ያ በስልክ የሚያስምል ሰው ልጆቼን ከእኔ ይልቅ ያውቃቸዋል። በሚፈሩት ነገር አሰራቸው፤ እኔ ደግሞ በማይሰማቸው ነገር ልፈታቸው ተነሣሁ።

ኩራቴ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሐሙስ ረፋድ ላይ ልጅቱን ከክፍል አስወጥቼ ወደ ንስሐ አባቷ ይዣት ሄድሁ። ሽማግሌው ቄስ ውድማቸው ላይ ገብስ ያበራዩ ነበር። ነገሩን ስነግራቸው በሬዎቹን አቆሙ።

«ማን ነው ያስማላቸው? ካህን ነበረ?»

«ስልክ ነው፣ አባ።»

«እኔ አርባ ዓመት ባገለገልሁበት ደጅ ስልክ አስማለ?» ፊታቸው ጠቆረ። ወዲያው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«ሰኞ።»

«ሰኞ የሰማሽውን ሐሙስ ታመጪልኛለሽ?»

ልጅቱን አንበርክከው፣ መስቀላቸውን ራሷ ላይ አድርገው ፈቷት። «ለክፋት የተማለ መሐላ አያስርም፤ እናትሽን የሚነካት የለም» አሏት። ከእኔ የፈለገችው ይህችን ቃል ነበር። ቀኖናዋንም ሰጧት፤ አርባ ስግደት፣ ከዚያም ሐኪሙ ቤት ገብታ ከጓደኛዋ ጋር ከአንድ ገበታ መብላት። «የማልሽውን በዚያው አፍሽ አፍርሺው» አሏት።

ልጅቱ ከተንበረከከችበት አልተነሣችም።

«አባ፣ ልኬዋለሁ» አለች። «ማክሰኞ ላክሁት። ሐሙስ በታችኛው መንገድ ይወርዳል ብዬ።»

ለሐኪሙ እንዳንደውል ኔትወርክ አልነበረም። እየሮጥን ሐኪሙ ቤት ስንደርስ ሚስቱ በጠዋት ወጥቷል አለችን። ከሰዓት በኋላ በቃሬዛ አመጡት። አድብተው የጠበቁት ሰዎች እግሩን ሰብረውታል፣ ክትባቱን መንገድ ላይ ደፍተውታል። ሰዎች «ተመስገን በሉ፣ ነፍሱ ተርፋለች» ሲሉኝ ንዴቴ ይብሳል። የነፍሱ መትረፍ ያስደሰተኝን ያህል፣ ተመስገን የምንልበት ነገር ይህን ያህል ማነሱ ያንገበግበኛል። ያ ባለ ድምፅ ያን ቀን ምሳውን በልቶ፣ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ጋደም ብሎ ይሆናል። በሰው እናት ያስምላል እንጂ በራሱ እናት አልማለም።

ልጅቱ ሁለት ቀን እዚያ ቤት የምትገባበት ዐይን አጣች። በሦስተኛው ቀን እንደ ምንም ሄደች። በሩ ተቆልፏል። ጎረቤቶች፣ ዕቃቸውን አይሱዙ ላይ ጭነው ወጥተዋል፣ ወዴት እንደ ሆነ ለማንም አልተናገሩም አሏት።

እናቷ በሰላም ተገላገለች። ቄሱ ለልጅቱ አዝነው፣ ቀኖናውን በጾም ልለውጥልሽ አሏት። እምቢ አለች። እኔም ለመንኋት፤ የተሰጠሽን ተቀብለሽ ትምህርትሽን ተማሪ አልኋት። መካነ ኢየሱስ ከተማ ድረስ ሰው ልኬ ባስጠይቅም ቤተሰቡ ያለበትን የሚያውቅ እንዳልተገኘ ነገርኋት።

«በጾም አይሆንም» አለችኝ። «እኔን የሚፈታኝ የእነሱ እንጀራ ነው። ባገኛቸውስ የሚሰጡኝ ይመስልዎታል?»