ኩይሳ ያለበት ግቢ

ክንዴ ዳንግላ ውስጥ ቤት ሲሠራ የኖረ አናጢ ነው። በእኛ ሰፈር ካሉት የጭቃ ቤቶች አብዛኞቹን ያቆማቸው እሱ ነው። ለሰው ሁሉ ቤት ሲሠራ የራሱን ትዳር ሳይመሠርት አርባውን አለፈ። እናቱ እማማ ይታይሽ ከገጠር ለገበያ በመጡ ቁጥር በአገውኛ ይቆጡታል፤ እሱ ሥራ በዝቶብኝ ነው ይላቸዋል።

ሥራ ያበዛበትስ ምስጥ ነው። ያቆመው የባሕር ዛፍ ቋሚ ብዙም ሳይቆይ ከሥሩ ይበላል፤ ባለቤቶቹ ያስጠሩታል፤ እያፈረ ሄዶ ይለውጣል። ስለዚህ ምስጥን እንደ ደመኛ ነበር የሚያየው። ኩይሳ ካየ አካፋና የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይዞ ይመጣል፤ ንግሥቲቱን ቆፍሮ ካላወጣ አርፎ አይቀመጥም።

አንድ መስከረም ላይ ምሥራቅ አስጠራችው። ምሥራቅ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ ከቡሬ ተዛውራ መጥታ እዚሁ የቀረች፣ ባሏ ከሞተባት የቆየች ሴት። የጓዳዋ ቋሚ ተበልቶ ግድግዳው አዘንብሏል። ክንዴ ገብቶ አየና ወዲያው ወደ ጓሮ ወጣ። ጥግ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቀይ ኩይሳ ቆሟል። አካፋውን አንሥቶ ሲያመራ ምሥራቅ ከፊቱ ቆመች።

«ጋሽ ክንዴ፣ ቤቱን ይጠግኑልኝ እንጂ እሱን አይንኩብኝ» አለችው።

ክንዴ ጆሮውን ማመን አቃተው። ሌባውን አስቀምጦ በር መጠገን ምን ይረባል ብሎ ተከራከራት። ምሥራቅ አልተቆጣችም። ከኩይሳው ጫፍ ጥቂት አፈር አነሣችና ጎንበስ እንዲል አደረገችው። ሠራተኞቹ ዓይን እንደሌላቸው፣ ይህን ሁሉ በጨለማ እየዳሰሱ እንደሚገነቡት ነገረችው። ጭንቅላታቸው ትልልቅ የሆነው ወታደሮቹ ናቸው፤ አፈሩ ሲነሣ ቀድመው የወጡት እነሱ ነበሩ። የደረቀ ሣርና የወደቀ ቅጠል እየለቀሙ ያስገባሉ፤ ከሥር በዚያ ላይ እንጉዳይ ያበቅሉና ይመገባሉ። እነሱ ባይኖሩ የሞተው ሁሉ እንደተከመረ ይቀር ነበር፤ አፈሩም ከየት ይታደስ? የክረምቱ ዝናብ ወደ ውስጥ የሚሰርገው እንኳ እነሱ በቆፈሩት መንገድ ነው።

«የርስዎ ቋሚ ለእነሱ የሞተ እንጨት ነው» አለችው። «ቤት መሆኑን በምን ይወቁ?»

ክንዴ ሳያስበው ሳቀ። ለምርጊት የሚሆነውን ጭቃ ከየት እንደሚያመጣ ስትጠይቀውም፣ ከኩይሳ አፈር የሚበልጥ እንደሌለ አመነ።

ሁለቱ ተማከሩና ቋሚውን መሬት ውስጥ መቅበሩ ቀረ። ክንዴ ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ገንብቶ እንጨቱን በላዩ አቆመ። ምስጦቹ በድንጋዩ ላይ የጭቃ መንገድ ሠርተው ቢወጡ እንኳ በግልጽ ስለሚታይ በመጥረጊያ ማፍረስ ነው።

ሥራው አለቀ፤ ክንዴ ግን መሠረቱን ልይ እያለ መመላለስ ጀመረ። እኛ መምህራኑ ነገሩ ወዲያው ገባን። ድንጋይ ለማየት ፀጉሩን ተስተካክሎ የሚመጣ ሰው የለም። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ከኩይሳው አጠገብ ይቀመጣል፤ ይጠይቃል፤ እሷ ትመልሳለች። አንድ ቀን ንግሥቲቱ ባል እንዳላት ጠየቃት።

«አላት» አለችው። «የንብ ወንዱ ከአውራዋ ጋር እንደተገናኘ ይሞታል። የምስጥ ንጉሥ ግን ዕድሜ ልኩን ከጎኗ አይለይም።»

ክንዴ «እንግዲያው ሽማግሌ ልላክብሽ?» አለ። አንቺ ብሎ ሲጠራት ያ የመጀመሪያው ነበር።

እማማ ይታይሽ ምራታቸውን ሊያዩ መጡ። ኩይሳውን ሲያዩ ወደ ልጃቸው ዞር ብለው፣ ይህች ሴት ጤነኛ ናት ወይ ብለው በአገውኛ ጠየቁት። ምሥራቅ ከተማሪዎቿ ቋንቋውን ስትለምድ ከርማ ኖሮ፣ ጤነኛ መሆኗን ራሷ በአገውኛ መለሰችላቸው። እማማ ይታይሽ በሳቅ ወገባቸውን ይዘው ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ቅሬታ አልተሰማም።

ሠርጉ በግንቦት፣ እዚያው ግቢ በተጣለ ዳስ ውስጥ ሆነ። ጠዋት የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ወርዶ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወጣች። ምግቡ ተነሥቶ ዘፈኑ ሲደምቅ ኩይሳው በየቀዳዳው ተከፈተና አሸኑ፣ ክንፍ ያወጣው ምስጥ፣ ፈላ። ክንፋቸው በመጥለቅ ላይ ባለችው ፀሐይ እያብለጨለጨ ዳሱን ሞሉት። ወጡ ውስጥ ገቡ፤ ጠላው ውስጥ ገቡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናነቡ፤ ዶሮዎች በሰው እግር መካከል እየሮጡ ለቀሙ፤ ከላይ ወፎች መጡ። ዘፋኙ ዝም አለ። ክንዴ ሠርጉ የተበላሸ መስሎት ደንግጦ ተነሣ። ወደ ምሥራቅ ሲዞር እጇን ዘርግታ አንዱን አሸን ተቀብላ ትስቃለች።

«ተዉአቸው» አለች፤ «እነሱም ሙሽሮች ናቸው።»

ከጎኗ ላለነው ነገረችን። ከወጡት አብዛኞቹ የወፍ፣ የዶሮና የጉንዳን ቀለብ ይሆናሉ፤ የተረፉት ጥቂቶቹ ክንፋቸውን አራግፈው ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቆፍራሉ፤ የመጀመሪያ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉትም ሁለቱ ብቻቸውን ነው። ወዲያው አንድ ጥንድ ከምንጣፉ ዳር ክንፉን ጥሎ ተከታትሎ ሲሄድ አየን። ዘፋኙም አይቷል መሰለኝ፣

«አሸን ክንፉን ጥሎ ጎጆ ሊወጣ ነው፣
አናጢያችንም ዛሬ ቤቱ ሊገባ ነው»

ብሎ ተነሣ። ዳሱ በእልልታ ተናጋ። እማማ ይታይሽ ከጠላቸው ላይ ክንፉን በጣታቸው ገፋ አድርገው ጠጡና እስክስታ ወረዱ።

አሁን ክንዴ ቤት የሚሠራው በድንጋይ መሠረት ላይ ነው፤ ተበላብኝ ብሎ የሚያስጠራው ሰው አልፎ አልፎ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የምሥራቅ ተማሪዎች ግቢው ይመጣሉ። እሷ ስታስረዳ እሱ ከኋላ ቆሞ ይሰማል፤ አንዳንዴ አላስችል ይለውና ቀድሟት ይመልሳል። እማማ ይታይሽ ደግሞ ለልጆቹ በሰፌድ ቆሎ ያዞራሉ።