ከዳንቴሉ ስር

ዛሬ ጠዋት ልደታ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ እንቁላል እየጠበስኩ፣ ስልኬን ያስቀመጥኩበት ስፒከር «ጥርርር… ጥ ጥ ጥ» ሲል ብቻዬን ሳቅሁ።

ልጅ ሳለሁ በግቢያችን ቴሌቪዥን ከትልቅ ስፒከር ጋር የነበረው እኛ ቤት ነበር። የዋንጫ ጨዋታ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ስፒከሩ እንዲሁ እየደጋገመ ተንጣጣ። አባዬ ገመዱን ነቅሎ ሰካ፤ አልሆነም። «የሰካችሁትን ሁሉ ንቀሉ!» ብሎ ወደ ግቢው ጮኸ። ፍሪጅ ተነቀለ፣ ካውያ ተነቀለ። ፀጉር ቤት ያላት እትዬ አልማዝ ካስኳን ስታጠፋ ደንበኛዋ ከነቢጎዲኗ ኳስ ልታይ ገባች።

ስፒከሩ አሁንም ጥርርር! ወዲያው ስፒከሩ ላይ ከተነጠፈው ዳንቴል ስር ስልክ ጠራ። ለካ እማዬ አዲሱን ሞባይል አቧራ እንዳይነካው ብላ እዚያ ሸፍናው ኖሯል። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የደወለችው ደሴ ያለችው አክስቴ ነበረች፤ ኔትወርክ እምቢ ብሏት ስትሞክር ቆይታለች፤ በሞከረች ቁጥር ስፒከሩን ያንጣጣው ስልኩ ነበር።

«በቃ ከዚህ አንሺልን» አላት አባዬ።

«አላነሳውም! እህቴ ስታስበኝ ቀድሞ የሚነግረኝ ስፒከሩ ነው።»

ከዚያ በኋላ ናፍቆት የሚሰማ ዕቃ ያለው እኛ ቤት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ዛሬም ስልኩ ገና ሳይጠራ «መጣሁ እማዬ!» አልኩ። እሷው ነበረች።