የጋሼ የወፍ ቴምብሮች

ሥራዬ ፎቶ ማንሳት ነው። ሐይቅ ዳር ጠባብ ስቱዲዮ አለችኝ። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሙሽሮችን ውሃው ዳር አቁሜ «ፈገግ በሉ እንጂ፣ ለቅሶ ቤት ነው እንዴ!» እያልኩ እጮህባቸዋለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በቴሌግራም ለሚሸጡ ሰዎች ጫማና ቦርሳም ማንሳት ጀምሬያለሁ። ጫማ ዓይኑን አይጨፍንም፣ «ትንሽ ቀላ አድርጊኝ» ብሎም አይጨቀጭቅም። ስለዚህ ጋሼ ቴምብርና ፖስት ካርዶቻቸውን ለሽያጭ እንዳነሳላቸው ሲጠይቁኝ፣ አንድ ጠዋት ይበቃኛል ብዬ እሺ አልኩ። ወይ ሞኝነት!

ጋሼ ጎረቤቴ ናቸው። ፖስታ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቴምብር ሲሰበስቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ለመሸጥ የወሰኑት ቸግሯቸው አይደለም። የዓይን ግፊት ይዟቸው ነው። ሐኪሙ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውም ብዙ እንደማይቆይ ነግሯቸዋል።

«ልጆቼ እኔ ከሞትኩ በኋላ ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ነው የሚጥሏቸው» አሉኝ። «ዓይኔ እያየ፣ ለሚያውቅላቸው ሰው በእጄ ላስረክባቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

አንጀቴን በሉት። ደግሞ ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ምንም ለቅሶ አልነበረም፣ እሱ ነው የባሰብኝ።

ቴምብር ማንሳት እንዲህ መከራ መሆኑን ማን ነገረኝ? መብራት ሳበራ ያብረቀርቃል፣ መብራት ሳጠፋ ይጨልማል። ፖስት ካርዱ በሙቀት ጎብጦ እንደ ጀልባ ተንጋዷል። በመጨረሻ ቤታቸው ሄጄ፣ መስኮቱ ሥር ጥቁር ጨርቅ አንጥፌ፣ ጠዋት ጠዋት ማንሳት ጀመርኩ። በር ዝግ ነው፣ ማስነጠስ ክልክል ነው። ጋሼ በወረንጦ እያነሱ ያስቀምጣሉ፣ እኔ ፊቱን አነሳለሁ፣ ይገለብጡታል፣ ጀርባውን አነሳለሁ። ገዢ የጀርባውን ሙጫ ካላየ፣ የዳር ጥርሶቹ ሙሉ መሆናቸውን ካላረጋገጠ አያምንም አሉ። የመጀመሪያ ቀን እንደ ልማዴ የቴምብሮቹን ቢጫነት በኮምፒውተር አጥፍቼ አሳየኋቸው።

«ምንድን ነው ይሄ? ሙሽራ መሰሉሽ እንዴ?» አሉኝ። «ያረጀ ያረጀ ይምሰል። መልሺው።»

ተነጫነጭኩ፣ ግን መለስኩት።

ባለቤታቸው እትዬ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ፣ አፋቸው የማይቻል ሴት ናቸው። ቴምብሮቹን «ጣውንቶቼ» ነው የሚሏቸው። «ዛሬ የትኛዋን ጣውንቴን ነው የምታስውቢያት?» እያሉ ከበር ላይ ያሾፉብኛል። ጋሼ ግን ቀና ብለው አያዩም። «በሩን ዝጊው፣ እርጥበት ይገባል» ብቻ ነው መልሳቸው። እትዬ ስቀው ይሄዳሉ፣ ሁልጊዜ ግን ሳቃቸው ሙሉ አልነበረም።

ከሁሉ የሚበልጡት ወፎቹ ነበሩ። የአገራችን ወፎች ያሉባቸው፣ አንድም ያልጎደለ፣ ፖስታ ላይ ያልተለጠፉ ቴምብሮች። ፎቶአቸውን ሰብሳቢዎች የሚገናኙበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስለጥፍ አንድ የአዲስ አበባ ሰው ወዲያው ደወለ። ሲያወራ ከጋሼ የባሰ የቴምብር በሽተኛ መሆኑ ያስታውቃል። «እንደማልበትናቸው ንገሪልኝ» አለኝ። ቅዳሜ ራሱ መጥቶ ሊወስዳቸው ተስማማን። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ጸጉራቸውን ሊስተካከሉ ሄዱ። ሽማግሌ የሚጠብቅ የልጅ አባት ነበር የሚመስሉት።

አርብ ዕለት ገዢው የአንዷን ጥግ በቅርበት ልይ ስላለ ካሜራዬን ይዤ ሄድኩ። እትዬ በሩ ላይ ተቀበሉኝ፣ ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

«ነይ እስቲ፣ እንዴት እንዳማሩ እዪልኝ!»

ጠረጴዛው ላይ ወፎቹ በሰልፍ ተደርድረው፣ በሁለት ፕላስቲክ መሃል፣ በትኩስ ማሽን ተጨምቀው ተኝተዋል። ላሚኔት አስደርገዋቸዋል! ዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ካሉት ኮፒ ቤቶች አንዱ ጋ፣ ጋሼ ከቤት ወጣ እስኪሉ ጠብቀው፣ በባጃጅ ሄደው፣ ተማሪዎቹ መሃል ተሰልፈው።

«እርጥበት ይፈራሉ፣ እጅ ይፈራሉ ሲል አይደል የሚውለው? በቃ፣ አሁን ውሃ ቢደፋባቸውም ምንም አይሆኑም። ተሰናድተው ይሂዱ ብዬ ነው።»

ምን ይፈረድባቸዋል? እኛ አገር የከበረ ነገር ሁሉ ፕላስቲክ ይለብሳል። ዲግሪያችን፣ የልጅ ክርስትና ካርድ፣ የሞተች እናት ፎቶ። ለሰብሳቢ ግን ያ ቴምብር አለቀለት። ሙጫው ቀልጧል፣ ፕላስቲኩን ልላጥ ብትል ወረቀቱም አብሮ ይነሳል። ደሜ ፈላ። «እትዬ፣ ኧረ ምን ነካዎት...» ብዬ አፌን ስከፍት ጋሼ ከኋላዬ መጥተው እግሬን ረገጡኝ። በደንብ ነው የረገጡኝ።

ፕላስቲኩን አንስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው፣ ከዳር እስከ ዳር አዩት። እትዬ ይጠብቃሉ።

«ጎበዝ ነሽ!» አሉ። «እኔ እስከ ዛሬ እንዴት አላሰብኩትም?»

እትዬ ሻይ ሊያፈሉ ሲገቡ ጋሼ እስከ ውጪ በር ሸኙኝ። እኔ እንደሆንኩ በንዴት እንባዬ መጥቷል።

«ለምን አልነገሯቸውም?»

«ምን ብዬ? ስንት ዓመት ከቴምብሮቼ ክፍል አስወጥቻታለሁ። ዛሬ ለኔ ብላ ፀሐይ ላይ ተሰልፋ መጣች። ነገ ዓይኔ ሲጠፋ ማን ሊመራኝ ነው?» አሉና በሩን ከፈቱልኝ። «ለሰውየው ሽማግሌው ሐሳቡን ቀየረ በይልኝ።»

ነገርኩት። ስልኩ ላይ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። «ምን ዓይነት ጨካኝ ሽማግሌ ናቸው!» አለ።

የቀሩትን ቴምብሮችና ፖስት ካርዶቹን ሌሎች ሰዎች ወሰዷቸው። ክረምቱ ሲወጣ ጋሼ የሚያዩት ጥላ ብቻ ሆነ። አንድ ከሰዓት ልጠይቃቸው ስሄድ ሁለቱም በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ያ ፕላስቲክ እትዬ ጭን ላይ ነው። እትዬ በጣታቸው አንድ በአንድ እየነኩ ለጋሼ ይነግሯቸዋል።

«ይሄኛው አሞራ ነው፣ ትልቅ አሞራ። ቀጥሎ ያለችው ደግሞ... ዶሮ።»

እኔ እያንዳንዱ ወፍ ላይ በካሜራ ሳፈጥ የከረምኩ ነኝ። አሞራ ያሉት ጭልፊት ነው፣ ዶሮ ያሏት ጅግራ ናት። ሰው ሲሳሳት ዝም ማለት አልችልም፣ ያን ቀን ግን ምላሴን ነከስኩ።

«ላባዋ ምን ዓይነት ነው?» አሉ ጋሼ፣ ፊታቸውን ወደ እትዬ ድምፅ አዙረው።

«ነጭ ነጠብጣብ አለባት። ዶሮ ናት አይደል?»

«አዎ፣ ዶሮ ናት» አሉ ጋሼ። «ቀጥዪ።»