ቁልቁለት ላይ ያልተሞከረችው ሞተር

ባለፈው ሐምሌ እንጅባራ ውስጥ፣ አንድ ሻጭ በሱቁ ደጅ ከደረደራቸው ሞተሮች ትንሿን መርጬ ቁልፏን ስቀበል፣ ሰውየው ከጄሪካን የሚቀዳው ቤንዚን ከነዳጅ ቋቷ አፍ ተርፎ እርጥቡ ሳር ላይ ጠብ ጠብ አለ፣ ሽታውም ሽቅብ መጥቶ አፍንጫዬን ያዘኝ። ቤንዚንና ዝናብ የጠጣ ሳር አንድ ላይ ሲሸቱ የሚያስታውሱኝ አንድ ዓመት ብቻ ነው። ሻጩ ስለ ጎማዋ ጥርስ፣ ስለ ቁመቷ፣ መቶ ሃምሳ ሲሲ ብቻ ብትሆንም ለጭቃውም ለኮረቱም የተሠራች ስለመሆኗ ያስረዳኛል፣ እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ልቤ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ሆኖ ከዘንገና ሐይቅ በላይ ካለው ቤታችን ደጅ ቆሟል። ሰውየው የፈለግሽበት ወስደሽ ሞክሪያት፣ ካሻሽም ተራራ ውጪባት አለኝ። መውጣቱ አላሳሰበኝም።

አባቴ የከብት ሐኪም ነበር። ሐኪም የሚሉት ገበሬዎቹ ናቸው እንጂ፣ ሥራው የክትባት ሣጥን አንግቶ ከቀበሌ ቀበሌ መዞር፣ የታመመ በሬ ምላስ ማየትና ከባለቤቱ ጋር ማዘን ነበር። የሚዞረውም ቦራ በሚባል ፈረሱ ነው። በእኛ አገር ሰው ሠርግም ለቅሶም የሚደርሰው በፈረሱ ስለነበር፣ ፈረስ ሊገዛ ገበያ የሚወርድ ሁሉ አባቴን ይዞት ይሄድ ነበር፣ ፈረስ መሞከር እንደሱ የሚያውቅ የለም ይባል ነበርና። አሞካከሩ የታወቀ ነው። ሻጩ ፈረሱን ለጥቂት ቀን ይሰጣል፣ ገዢውም ወስዶ፣ ዳገት አውጥቶ ትንፋሹን፣ ወንዝ አሻግሮ ልቡን፣ ገበያ መሀል አስገብቶ ጠባዩን ያያል። ቁልቁለት አይሞከርም። ቁልቁለት ላይ ጌታው ከፈረሱ ወርዶ፣ ልጓሙን ይዞ፣ እየሳበ በእግሩ ይሄዳል፣ የፈረስ የፊት እግር የሚበላሸው እዚያ ላይ ነውና። አባቴ ቁልቁለት ላይ የሚጋልብ ሰው ሲያይ፣ ወይ ጠጥቷል ወይ ፈረሱ የተውሶ ነው እያለ ይስቅ ነበር።

ቦራ በክረምት አርጅቶ ሞተ። አባቴ ለጅብ አልሰጠውም ብሎ ከቀርከሃው አጥር ሥር ራሱ ቆፍሮ ቀበረው፣ ሌላ ፈረስ ለመግዛት ሲያስብ ሲተው ኅዳር ገባ፣ በኅዳር እናቴ ማርገዟን ነገረችው። እናቴ እኔን ስትወልድ ሦስት ቀን አምጣ፣ በቃሬዛ ወርዳ፣ ለጥቂት ነበር የተረፈችው፣ ከእኔም በኋላ ሌላ ልጅ አልመጣም ነበር። የጤና ኬላዋ ባለሙያ ቤታችን ድረስ መጥታ፣ ምጥ በጀመራት ሰዓት ወዲያውኑ እንጅባራ መድረስ አለባት ብላ አባቴን አስጠነቀቀችው። ከመንደራችን ጫፍ እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ደግሞ አንድ ረጅም ቁልቁለት ነው፣ ያኔ ድንጋዩ የሚንሸራተት፣ ክረምት ሲሆን ጭቃው እስከ ጉልበት የሚውጥ ነበር። አባቴ በሦስተኛው ቀን ሞተር እንደሚገዛ፣ በዚህች ሴት ላይ ሁለተኛ ቃሬዛ እንደማይመጣ ነገረን።

በታኅሣሥ፣ ገብሱ ታጭዶ ሲያልቅ፣ ዳንግላ ወደሚኖሩት ወደ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ሄደ። ጋሽ ሰይድ ጨርቅ የሚነግዱ፣ አባቴን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቁት ሰው ነበሩ፣ ለራሳቸው የገዟት አንዲት ቀይ ሞተርም ነበረቻቸው፣ እግሯ ረጅም፣ ጎማዋ ጥርሳም፣ ድምፅዋ ግን ቀጭን። አባቴ እንደ ፈረስ ካልሞከርኳት አልገዛም ሲላቸው፣ ልማዱን ያውቁ ነበርና ሜዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ራሳቸው አስተምረውት ለስምንት ቀን ሰጡት። ሲሸኙት ፍሬኗን ደህና አድርጎ እንዲሞክር ነግረውት ነበር፣ እሱ ግን የምትሄድ እንጂ የምትቆም ነገር ፈልጌ አልመጣሁም ብሎ ቀለደባቸው። ይህንን ቤት መጥቶ ሲነግረን እናቴ ከሳቋ ብዛት ሆዷን ይዛ ተቀመጠች።

በስምንቱ ቀን ውስጥ ሦስቱንም አሟላ። ዳገቱን እኔን ከኋላው አስቀምጦ ነው ያወጣት፣ እየጮኸች ወጣች እንጂ አልለገመችም፣ አባቴም ጫፉ ላይ አቁሞ፣ ወርዶ፣ ጎንዋን መታ መታ አደረጋት። ወንዙን ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚታችን እየረጨን አሻገራት። ቅዳሜ ግምጃ ቤት ወደምትባለው ከተማ ወስዶ በጋሪውና በአህያው መሀል እየነዳ ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞረባት፣ እኔም ከኋላው ሆኜ የማውቀውም የማላውቀውም ሰው እንዲያየኝ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ በደንብ አስታውሰዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ እንዲያ ያለ ነገር ብዙ አልተሰማኝምና።

በጥር የአገራችን ፈረሰኞች ለዓመታዊ በዓላቸው ሜዳ ላይ ሲሰበሰቡ በገዛት ሞተር ሄዶ፣ ፈረሶቹ ስለደነበሩ ጓደኞቹ ራቅ ብለህ ቁም ብለውት አኩርፎ ተመለሰ። የበጋውን ጠዋቶች ግን የማስታውሳቸው በሌላ ነገር ነው። ሥራ ሲሄድ ደልዳላውን እየነዳ እስከ መንደሩ ጫፍ ይደርስና፣ ቁልቁለቱ አፍ ላይ ሞተሯን አጥፍቶ፣ ወርዶ፣ መሪዋን ይዞ እስከ አስፋልቱ በእግሩ ይወስዳት ነበር። ጎረቤቶች «ሐኪም፣ ደከማት እንዴ?» ይሉት ነበር፣ እሱም ዕቃም ቢሆን ይታዘንለታል እያለ ያልፋቸዋል። ማታ ማታ እናቴ አረማመዱን እየደገመች ታስቀን ነበር። ሁላችንም ሳቅን እንጂ እስኪ ቁልቁለቱን ንዳት ያለው ሰው አልነበረም፣ እኔም አላልኩትም።

በሰኔ፣ ዝናቡ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከምሳ በኋላ ምጧ መጣ። ጎረቤቶች ለቃሬዛ ቀርከሃ መቁረጥ ሲጀምሩ አባቴ ለዚህ ቀን ነው የገዛኋት ብሎ መለሳቸው፣ ሞተሯን አውጥቶ እናቴን ከኋላው አስቀመጠ፣ በጋቢም ከወገቡ ጋር አሰራት፣ እኔ የልብሷን ፌስታል ይዤ ከኋላቸው ሮጥኩ። ደልዳላውን በደንብ ነዳት። የመንደሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆሞ ቁልቁል አየ፣ ጎርፉ በመንገዱ መሀል እየወረደ ነበር። ከዚያ ጋቢውን ፈታ፣ ሞተሯን አጠፋ፣ እናቴን እንደ ሙሽራ እላይዋ ላይ ትቶ መሪዋን በሁለት እጁ ይዞ በእግሩ መውረድ ጀመረ።

«ንዳት» አለችው እናቴ።

እሱ መውረዱን ቀጠለ። እኔ ደርሼ ጀርባዋን ደግፌ ያዝኩ፣ ነጠላዋ በስብሶ ከገላዋ ጋር ተጣብቆ ነበር። ጥቂት ወርደን፣ አንድ ምጥ ይዟት ካለፈ በኋላ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ያንኑ ደገመችለት። እቤት ውስጥ ሁልጊዜ በአዊኛ ነበር የሚነጋገሩት፣ አባቴም ሳይዞር በአዊኛ መለሰላት።

«አላውቅበትም» አላት። «ዳገቱን እንጂ ይህንን አላውቅበትም። እጥልሻለሁ።»

አባቴ የማያውቀው ነገር መኖሩን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።  እሱ በአንድ እግሩ ጭቃውን እየረገጠ፣ ተረከዙን እየተከለ፣ መሪዋ እንዳያመልጠው እየታገለ ይወርድ ነበር፣ ከእርምጃችን ዝግታ የተነሳ ዶሮ እንኳ ልትቀድመን ትችል ነበር። አጋማሹ ላይ ስንደርስ ጎረቤቶቹ ደረሱብን፣ ለካ እሱ ቢመልሳቸውም ቃሬዛውን ጨርሰው ኖሯል። እናቴን አንስተው ቃሬዛው ላይ አስተኟት፣ አራት ሆነው ተሸክመዋት እየሮጡ ወረዱ፣ እኔም አብሬ ሮጥኩ። ዞር ስል አባቴ ሞተሯን እንደያዘ ቁልቁለቱ መሀል ቆሞ ነበር፣ ቢለቃት ትወድቅበታለች፣ ቢይዛት አይደርስብንም።

እንጅባራ ሐኪም ቤት ደረስን፣ እናቴ ተረፈች። ሕፃኑ ወንድ ነበር፣ ሳይተነፍስ ተወለደ። ያዋለደቻት ባለሙያ እጇን እየታጠበች፣ ማንንም ሳታይ፣ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ…» ብላ ሳትጨርሰው ተወችው። አባቴ ጭቃ በጭቃ ሆኖ በበሩ የገባው ልክ ያን ጊዜ ነበር፣ መስማቱን ከፊቱ አየሁ።

ክርስትና ላልተነሳ ሕፃን ለቅሶ አይቀመጡም፣ ስለዚህ በክረምቱ ቤታችን ሰው አልመጣም፣ ድንኳንም አልተጣለም። እኔ አላለቀስኩም። ሐዘን እንደ ጉንፋን ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ የሚመጣ መስሎኝ ጠበቅሁት፣ አልመጣም። እግር ብዙ ተቀምጠውበት ሲደነዝዝ እንደሚሆነው፣ ስነካው ነበረ፣ ግን የእኔ አይመስልም ነበር። እናቴ ወደ ድንች ማሳዋ ተመለሰች፣ አባቴን በአንድም ቃል አልወቀሰችውም፣ ስትስቅ ግን ሆዷን መያዝ ተወች። በመስከረም አባቴ ሞተሯን እየገፋ ግምጃ ቤት ወስዶ ሸጣት፣ ፈረስም አልገዛም፣ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የክትባት ሣጥኑን አንግቶ በእግሩ ይዞር ነበር።

ያች የሻጩ ሞተር ባለፈው ሐምሌ ዳገቱን ያለ ምንም ችግር ወጣች። ቤት ስደርስ አባቴ ከደጅ ቆሞ ነበር፣ ዙሪያዋን ዞራት፣ ጎማዋን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገ፣ ለሥራዬ ልገዛት መሆኔንና እየሞከርኳት እንደሆነ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። አስፋልቱ ድረስ ወርጄ ልመለስ አልኩት። 

ማርሹን ቀንሼ፣ የኋላውን ፍሬን ለዘብ አድርጌ እየያዝኩ ወረድኩ። ያኔ ገብስ የነበረው ማሳ ዛሬ ዲከረንስ የሚሉት፣ ለከሰል የሚቆረጥ ዛፍ ደን ሆኗል፣ መንገዱ ጠጠር ለብሷል፣ ሲደወልለት አምቡላንስ እስከ መንደሩ ጫፍ ይመጣል፣ ያኔ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ መውረድ የነበረው አሁን ማንም የማያስበው ነገር ሆኗል። ጎርፉ ግን በዚያው በመሀሉ ይወርድ ነበር። አስፋልቱ ላይ አቁሜ ስልኬን አየሁ፣ ዘጠኝ ደቂቃ ነበር የፈጀብኝ። እንግዲህ አሁን አለቅሳለሁ ብዬ ትንሽ ቆምኩ፣ ምንም ስላልመጣ አዙሬ ተመለስኩ።

«ቁልቁለቱ ላይ እንዴት ናት?» አለኝ አባቴ።

«ደህና ናት።»

«ስንት ደቂቃ ፈጀብሽ?»

«ለመውረዱ ብቻ ግማሽ ሰዓት ያህል» አልኩት። «ይህም መንገዱ ተሠርቶ ነው። ያኔማ ከዚያም በላይ ነበር።»

አባቴ እጁ ላይ ሰዓት ያስራል፣ ወርጄ እስክመለስም ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም ነበር። የጋቢውን ጫፍ በሰዓቱ ላይ ሳብ አደረገና «እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» አለኝ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ሲጠይቀኝ እውነቱን ነበር የምነግረው፣ እሱም ያምነኝ ነበር። አሁን ዋሽቼው፣ መዋሸቴንም እያወቀ አመሰገነኝ፣ እናቴ ከውስጥ ብርድ ነው ግቡ ስትለን ተከታትለን ገባን።