በወንፊት ያጠፋሁት ጭቃ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11፡40፣ ሳሪስ

ሁለት ባዶ ማዳበሪያ፣ አንድ አካፋና አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዤ ወጣሁ። ሰማዩ ገና ግራጫ ነው። የፋብሪካ ሠራተኞች ሰርቪስ እየጠበቁ አስፋልቱ ዳር ተደርድረዋል። ታክሲ ውስጥ ስገባ ረዳቱ አካፋዬን አየ።

«ወንድሜ፣ ቀብር ነው?»

«አፈር ልቆፍር ነው።»

«እሱማ ያው ነው።»

የምሄደው ያበላሸሁትን ለመተካት ነው። እትዬ ዘነበች አቃቂ በሰቃ ውስጥ ድስትና ጀበና የሚሠሩ ሴት ናቸው። እኔ ሸክላን ከስልክ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ጀመርኩ፤ ከዚያ ስምንት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ዘንድ ተመላለስኩ። ባለፈው ወር የእጃቸውን አንጓ ሲያማቸው፣ በላስቲክ ሸፍነው ከዓመት በላይ ያቆዩትን ጭቃ በሙሉ ቤቴ ወስጄ ድስት እንድሠራላቸው ሰጡኝ። ጭቃው እጄን ቆረቆረኝ። ቪዲዮዎቹ ላይ ጭቃ እንደ ቅቤ ነው። ሳልጠይቃቸው በውሃ አሟሟሁት፤ በዱቄት ወንፊት ሦስት ጊዜ አጣራሁት። ቆሻሻ ነው ብዬ ያወጣሁት ገል ነበር፤ የተሰበረ ሸክላ በድንጋይ ፈጭተው የቀላቀሉት። ጭቃው እሳት የሚችለው በእሱ ነው። የሠራኋቸው አስራ አራት ድስቶች በሙሉ በኩበት እሳት ስተኩሳቸው አንድ በአንድ ፈነዱ። ቆሜ ቆጠርኩ።

ከጠዋቱ 1፡10፣ አቃቂ በሰቃ

እትዬ ዘነበች አንጓቸውን በሻሽ አስረው መንገድ ዳር ቆመዋል። እግራቸው ሥር ትንሽ ከረጢት አለች።

«እንዴት አደሩ፣ እትዬ?»

«እንደ ምንም። ወንፊት አልያዝክም አይደል?»

ከረጢቷ ውስጥ ያለው የፈነዱት የእኔ ድስቶች ዱቄት፣ አዲስ ገል ነው። በደህናው እጃቸው ሳምንቱን ሙሉ ወቅጠውታል። አዲሱን አፈር ስናገኝ መጠኑን እዚያው ሊለኩ ነው። ቆመን አንድ አንድ ፓስቲ በላን፤ ዘይቱ የቆየ ነው። ባጃጅ ተኮናተርን። ባለ ባጃጁ በስፖኪዮ ሲያያቸው ቆይቶ፣ «እናቴ፣ ሸክላ ሠሪ ነዎት መሰለኝ። ዓይንዎን ከእኔ ላይ ያንሱልኝ!» ብሎ ሳቀ።

«አንተ ምን አለህና ዓይኔ ያርፍብሃል?» አሉት።

ስፖኪዮውን ወደ መንገዱ አዞረና ወደ ቂሊንጦ ነዳ።

ከጠዋቱ 2፡30፣ ከቂሊንጦ አለፍ ብሎ

እትዬ ዘነበች አፈር የሚያወጡት ከአንድ የጤፍ ማሳ ጠርዝ፣ ከጅረቱ በላይ ነበር። ቦታውን ያሳየቻቸው እናታቸው ናት። አሁን ማሳ የለም። ቆርቆሮ አጥር፣ ገልባጭ መኪና፣ ከዳር እስከ ዳር የተነጠፈ ቀይ ገረጋንቲ። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ዱላ ይዘው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ቱፋ ናቸው፤ የማሳው ባለቤት የነበሩት፣ አሁን ዘበኛው። በየዓመቱ አፈር ሲያስቆፍሩ አንድ ድስት ይቀበሉ ነበር።

«ጋሽ ቱፋ፣ አካም ቡልተኒ?» ብለው እትዬ ዘነበች በኦሮምኛ ሰላም አሏቸው።

«ናጋ። ዘገየሽ፣ ዘነበች።»

«ምን ያህል?»

«አስራ አንድ ቀን። ጥቁሩን አፈር አውጥተው ጣሉት። ለሕንፃ አይሆንም አሉ።»

«ገብቼ ልየው?»

«እኔም ስገባ መታወቂያ አሳያለሁ» አሉ፤ በዱላቸው ወደ ጅረቱ እያመለከቱ። «የጣሉት እዚያ ታች ነው።»

3፡15፣ ጅረቱ ዳር

አፈሩ አለ። ሃያ ያህል ክምር፣ ጥቁር፣ አካፋ ሲያርፍበት የሚያብለጨልጭ። ደስ አለኝ። አንዱን ማዳበሪያ እስከ ግማሽ ሞላሁ። እትዬ ዘነበች ግን ቆንጥረው ምላሳቸው ላይ አደረጉ፤ በፊት ጥርሳቸው ቀስ ብለው አኘኩ። አፈር የሚመርጡት እንዲህ ነው። ተፉት።

«ሲሚንቶ።»

ወደ ሁለተኛው ክምር ሄዱ። ተፉ። ወደ ሦስተኛው። የግንባታው ፍርስራሽና ኖራ አብሮ ተደፍቶበታል። ዘጠነኛው ላይ አፋቸውን በውሃዬ ተጉመጠመጡ።

«ኖራ የገባበት ድስት ከእሳት ደህና ይወጣል። በሦስተኛው ቀን ይላጣል። ለሰው ሸጬ ልሰደብ?»

«እኔ ቤት ወስጄ በወንፊት…»

እሳቸው አዩኝና ሳቁ። ቀኑን ሙሉ የሳቁት ያኔ ብቻ ነው።

«ወንፊት!» አሉ። «ወንፊትህ ሲሚንቶ ያወጣል?»

ማዳበሪያውን መልሼ ደፋሁት። ሌላ ቦታ እንደሚያውቁ ጠየቅኳቸው።

«የማውቀው ይህን ነው። አንዱ ጭቃ ሲያልቅ ሌላው እስኪደርስ ዓመት ይፈልጋል። ያንተ እጅ ላይ የነበረው የደረሰው ነው።»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

6፡40፣ አቃቂ በሰቃ

ከረጢቷን ጭኔ ላይ ትተው ከባጃጁ ወረዱ።

«እትዬ፣ ገሉን ረሱት።»

«አልረሳሁም። ጭቃ ከሌለ ምን ያደርግልኛል?»

«በሚቀጥለው ቅዳሜ ልምጣ?»

«ምን ልትሠራ?»

ሻሹን እያጠበቁ ወደ ቤታቸው ገቡ።

7፡30፣ ሳሪስ

ያን ጊዜ አጣርቼ ያወጣሁትን ገል አከራዬ ወስደው፣ እንዳያዳልጥ የልብስ ማጠቢያው ውሃ በሚፈስበት በር ላይ በትነውት ነበር። አሁንም አለ፤ ስረግጠው ይንኮሻኮሻል። አከራዬ ከረጢቷን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ጎሽ፣ ጨመርክልን! እዚያው ድፋው፤ ከሽንት ቤቱ በኩል አሁንም ያዳልጣል።»

አልደፋሁትም። አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት። እትዬ ዘነበች የቋጠሩት በአንድ እጃቸው ነው፤ ማሰሪያውን አልፈታሁትም።